የመላሐ ጎዳና፤ በትሪፖሊ ዳር የተሠራ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ታሪክ

ስለ መኪና እሽቅድምድም በስደተኛ ሰፈር ጽሑፍ ላይ ማንሣት ምን ይባላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውኃ በወረፋ በሚቀዳበትና እህል በካርድ በሚሰፈርበት ቦታ ስለ ፈጣን መኪና ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም ዋናው ጉዳያችን መኪናው የሮጠበት መሬት፣ መሬቱን የያዘው መንግሥትና መሬቱ የተወሰደበት ሕዝብ ነው። ጎዳናው የተሠራው ሊቢያ ውስጥ፣ በትሪፖሊ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። መላሐ በሚባል የጨው ሐይቅ ዙሪያ የተዘረጋ ሲሆን፣ የአንድ ዙር ርዝመቱ ከ13 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በትሪፖሊ እሽቅድምድም ዘመን ሊቢያን የገዙት ሹማምንት ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ደ ቦኖ፣ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ናቸው። ሦስቱም ወደ ኢትዮጵያ ከመዝመታቸው በፊት ሥራቸውን የሠሩት እዚያ ነው። ስለዚህ የዚህን ጎዳና ታሪክ ማወቅ የራሳችንን ታሪክ መግቢያ ምዕራፍ እንደ ማንበብ ይቆጠራል።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኢትዮጵያን የሚመለከተውን ቀን ግን በራሳችን አቆጣጠር ጭምር እናስቀምጣለን።

1. ከጎዳናው በፊት

ኢጣሊያ ሊቢያን የወረረችው በ1911 ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ በቱርክ መንግሥት ሥር ነበር። ኢጣሊያኖች ከትሪፖሊ ወደብ ሲወርዱ የአገሬው ሕዝብ ከቱርክ ቀንበር አወጣችሁን ብሎ በእልልታ የሚቀበላቸው መስሏቸው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከተማዋን በከበበው የተምር ተክል ውስጥ፣ የአገሬው ሰውና የቱርክ ወታደር አንድ ሆኖ ወጋቸው። ወራሪውም በበቀል የተክሉን ነዋሪ ያለ ልዩነት ፈጀ፤ ብዙዎችንም በመርከብ ጭኖ በኢጣሊያ ደሴቶች ላይ አሰረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 1911፣ አንድ ኢጣሊያዊ የአየር ጓድ መኮንን ከአውሮፕላኑ ላይ በእጁ ትናንሽ ቦምቦችን ወረወረ። በዓለም ታሪክ ከአውሮፕላን የተጣለ የመጀመሪያው ቦምብ ይህ ነው ይባላል። የወደቀውም አይን ዛራና ታጁራ በሚባሉ ቦታዎች ላይ ነው። ይህ ታጁራ የጅቡቲው ታጁራ አይደለም፤ ከትሪፖሊ በስተምሥራቅ የሚገኝ የተምርና የአትክልት አገር ነው። የመላሐ ሐይቅ ያለው በትሪፖሊና በዚሁ በታጁራ መካከል ነው። እንግዲህ ከሰማይ የሚወርድ ጥፋት የተጀመረበት አካባቢና ኋላ የአውሮፓ መኪናዎች የተጫወቱበት ሜዳ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

2. የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች

በትሪፖሊ የመጀመሪያው ትልቅ የመኪና እሽቅድምድም የተደረገው በ1925 ነው። ያን ጊዜ ለብቻው የተሠራ ሜዳ አልነበረም። መኪናዎቹ የሚሄዱት በተራው የሕዝብ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የአንድ ዙር ርዝመት 71 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በኋላ ዙሩ አጥሮ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ኤሚሊዮ ደ ቦኖ ከ1925 አጋማሽ እስከ 1928 መጨረሻ የትሪፖሊታንያ ገዥ ስለ ነበር፣ የ1926፣ የ1927 እና የ1928 ውድድሮች በሱ ዘመን የተደረጉ ናቸው። ይህ ሰው በኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ ማለት በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ትግራይ የገባው የወራሪ ጦር አዛዥ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሸናፊዎች መካከል በ1928 በቡጋቲ መኪና ያሸነፈው ታሲዮ ኑቮላሪ በኋላ በዓለም ስሙ የገነነ ነጂ ሆኗል። በ1929 ያሸነፈው ጋስቶኔ ብሪሊ ፔሪ ደግሞ በዓመቱ ለ1930 ውድድር ሲለማመድ እዚያው ሞተ። ከዚያ በኋላ ገንዘብም ጠፋ፣ ጉጉቱም ቀዘቀዘና በ1931 እና በ1932 ውድድር ሳይደረግ ቀረ።

3. በዚያው ዓመታት በምሥራቅ ሊቢያ የሆነው

የእሽቅድምድም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ሁለት ዓመታት «ውድድር አልተደረገም» ብለው በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኛ ግን ቆም ብለን በዚያው ጊዜ በሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቂሬናይካ፣ ምን ይሠራ እንደ ነበር እንመልከት።

ፒዬትሮ ባዶሊዮ በ1929 የሁለቱም የሊቢያ ክፍሎች ገዥ ሆኖ ተሾመ። በ1930 ደግሞ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የቂሬናይካ ምክትል ገዥ ሆነ። በቂሬናይካ ተራሮች ላይ ሼክ ኦማር አል ሙክታር የሚመሩት የአርበኞች ጦር ዓመታት ሙሉ ሳይበገር ቆይቶ ነበር። ሼኩ በልጅነታቸው ቁርዓን የተማሩ፣ ኋላም ቁርዓን ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ባዶሊዮና ግራዚያኒ ጫካ ያለውን አርበኛ ለማሸነፍ የዘየዱት ዘዴ አርበኛውን የሚያበላውንና የሚደብቀውን ሕዝብ ከቀዬው መንቀል ነበር። ባዶሊዮ ይህ ሥራ የቂሬናይካን ሕዝብ በሙሉ የሚያስጠፋ ቢሆን እንኳ እስከ መጨረሻው እንገፋበታለን ሲል በ1930 ለግራዚያኒ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አስፍሯል።

በዚህም መሠረት 100 ሺህ ያህል ከብት አርቢ ሕዝብ፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ ከነግመሉና ከነበጉ እየተነዳ ወደ ባሕሩ ዳር በረሃ ተወሰደ። በኤል አጌይላ፣ በሶሉቅ፣ በማግሩን፣ በብሬጋና በሌሎችም ቦታዎች በሽቦ አጥር ውስጥ ታጎረ። ከብቱ አለቀ፤ ከብቱ ሲያልቅ ሰውም ተከተለ። በርሃብ፣ በተስቦና በግድያ ያለቀው ሕዝብ ቢያንስ 40 ሺህ እንደሚሆን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ከግብጽ ጋር ባለው ድንበር ላይም 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሽቦ አጥር ተዘረጋ። በ1930 በታይዜርቦ የበረሃ መንደር ላይ የመርዝ ጋዝ ያለበት ቦምብ ከአውሮፕላን ተጣለ። ሼክ ኦማር አል ሙክታር ቆስለው ተያዙና በሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 በሶሉቅ፣ በግዳጅ በተሰበሰበው እስረኛ ሕዝብ ፊት ተሰቀሉ።

እኛ «ካምፕ» የሚለውን ቃል በየቀኑ የምንናገር ሰዎች ነን። የእኛው ሰፈር የመጠጊያ ነው፤ ችግሩ ቢበዛም ነፍስ ለማትረፍ ወደንና ፈቅደን የገባንበት ነው። ያ ግን ሰው በመሣሪያ እየተነዳ እንዲያልቅ የገባበት የእስር ሰፈር ነበር። ስሙ ቢመሳሰልም ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ቢሆንም ድንኳን በመደዳ ሲተከል፣ ራሽን በስም ዝርዝር ሲታደል፣ እናት ልጇን ይዛ ጥላ ስትፈልግ ምን እንደሚመስል ከሌላው አንባቢ ይልቅ ለእኛ ይገባናል።

4. የ1933 ዓመት፤ ጎዳናውና ሎተሪው

የቂሬናይካ የእስር ሰፈሮች ተዘግተው ያለቁት በ1933 ነው። አዲሱ የመላሐ የእሽቅድምድም ጎዳና የተመረቀውም በዚያው ዓመት፣ በሜይ 7 ቀን 1933 ነው። የሁለቱም የበላይ ገዥ አንድ ሰው፣ ባዶሊዮ ነበር።

ሐይቁ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት የለውም። ኩርባዎቹ ሰፋፊ ሆነው ስለ ተሠሩ ነጂ ፍሬን ሳያበዛ ለመብረር ይችላል። በመነሻው ቦታ ላይ በነጭ ሲሚንቶ የተሠራ፣ ወደ 10 ሺህ ተመልካች የሚይዝ ረጅም ጥላ ፎቅ ቆመ። በጊዜው የአውሮፓ ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ያማረ የእሽቅድምድም ሜዳ በአውሮፓም የለም እያሉ ጻፉለት። ነጭ ፎቅ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ አረንጓዴ ተምር፤ ለፎቶግራፍ የተሠራ ነገር ነበር። በእርግጥም የተሠራው ለፎቶግራፍ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ቅኝ ግዛቷን በዓለም ፊት «የሠለጠነና ጸጥ ያለ አገር» አድርጋ ማሳየት ፈልጋ ነበርና።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ገንዘብ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ሎተሪው የሚገባው። ዘዴው እንዲህ ነው። በመላው ኢጣሊያና በቅኝ ግዛቱ የሎተሪ ቲኬት ይሸጣል። ከተሸጡት ቲኬቶች ውስጥ በተወዳዳሪ መኪናዎች ቁጥር ልክ ዕጣ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዕጣ ከአንድ ነጂ ጋር ይጣመራል። ዕጣው የደረሰው ነጂ ካሸነፈ የቲኬቱ ባለቤት በሚሊዮን የሚቆጠር ሊሬ ይወስዳል። ስለዚህ ሮማ ወይም ሚላኖ ተቀምጦ ትሪፖሊን በካርታ እንኳ የማያውቅ ድሃ፣ የእሽቅድምድሙን ወሬ በራዲዮ በጭንቀት ይከታተላል። መንግሥትም ሁለት ወፍ በአንድ ድንጋይ ይመታል፤ ገንዘቡን ይሰበስባል፣ ስለ ቅኝ ግዛቱም ያለ ክፍያ ይወራለታል።

በመጀመሪያው ዓመት ግን ወሬው ሌላ ሆነ። ዕጣው ከውድድሩ ቀናት አስቀድሞ የወጣ ስለ ነበር፣ ቲኬት የደረሳቸው ሰዎችና ነጂዎቹ ተገናኝተው ለመነጋገር ጊዜ አገኙ። አኪሌ ቫርዚ በቡጋቲ ኑቮላሪን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ገባ። ወዲያው ታላላቆቹ ነጂዎች ሽልማቱን ለመካፈል አስቀድመው ተስማምተዋል ተብሎ ተወራ። የመርሴዲስ ቡድን አለቃ የነበረው አልፍሬድ ኖይባወር ከ25 ዓመት በኋላ ባሳተመው የትዝታ መጽሐፍ ውድድሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው የቲያትር ጨዋታ እንደ ነበር አድርጎ ተረከው። ሰውየው ግን በዚያን ቀን ትሪፖሊ አልነበረም፤ ጉዳዩን በኋላ የመረመሩ ጸሐፊዎችም ገንዘቡን የመካፈል ውል እንደ ነበረ ቢቀበሉም፣ ትረካው ብዙ ቅመም እንደ ተጨመረበት አሳይተዋል። የማያጠራጥረው ነገር፣ ከዚያ ወዲህ ዕጣው የሚወጣው ውድድሩ ሊጀመር ሲቃረብ እንዲሆን መደረጉ ነው። በዚያ ውል ስማቸው ከተነሣው ነጂዎች መካከል ካምፓሪና ቦርዛኪኒ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሞንዛ ላይ በአንድ ቀን በአደጋ ሞቱ።

5. ፍጥነትና ፖለቲካ

በ1934 መጀመሪያ ባዶሊዮ ተነሥቶ የአየር ማርሻሉ ኢታሎ ባልቦ የሊቢያ ገዥ ሆነ። ባልቦ ድግስና ትርዒት የሚወድ ሰው ነበር። ሆቴሎችን አሠራ፤ ቱሪስት ጠራ፤ የትሪፖሊን እሽቅድምድም የዓመቱ ትልቅ በዓል አደረገው። የጀርመን ቡድኖችም መምጣት ጀመሩ። የሂትለር መንግሥት ለመርሴዲስና ለአውቶ ዩኒየን ገንዘብ እየረዳ እጅግ ኃይለኛ መኪና ያሠራ ነበር። የአውቶ ዩኒየን መኪና 16 ሲሊንደር ያለው ሞተር ከነጂው በስተኋላ የተገጠመለት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ፍጥነቱን በቀላል ሒሳብ እንገምተው። በ1933 የአሸናፊው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 168 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1937 ጀርመናዊው ሄርማን ላንግ በመርሴዲስ ሲያሸንፍ ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። በዚህ ፍጥነት 13 ኪሎ ሜትሩን አንድ ጊዜ ለመዞር አራት ደቂቃ አይፈጅም። ይህንኑ ርቀት ጤነኛ ሰው በእግሩ ልሂደው ቢል ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያስኬደዋል። መኪናዎቹ ግን እየዞሩ 40 ጊዜ ይመላለሱበታል፤ በድምሩ ከ520 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ በበረሃ ሙቀት፣ ከባሕር በሚነፍሰው ነፋስና በጎዳናው ላይ በሚበተነው አሸዋ መካከል የሚሠራ በመሆኑ ጎማ እየተቃጠለ ይፈነዳ ነበር። የነጂዎቹን ጀግንነት መካድ አይቻልም። የ1938 ውድድር ኢጣሊያዊውን ኤውጄንዮ ሲዬናንና ሀንጋሪያዊውን ላስሎ ሃርትማንን ገድሏል። እነሱም የሰው ልጆች ናቸውና ነፍሳቸውን ይማር።

6. ግንቦት 2 ቀን 1928 ዓ.ም.

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ሜይ 5 ቀን 1936፣ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን ምሽት፣ ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ከሰገነቱ ብቅ ብሎ ኢጣሊያ «የንጉሠ ነገሥት መንግሥት» ሆናለች ብሎ አወጀ። በማግሥቱ እሑድ ግንቦት 2 ቀን የትሪፖሊ የመኪና እሽቅድምድም ነበር። ነጩ ጥላ ፎቅ በሰው ተሞልቶ፣ ባንዲራው እየተውለበለበ፣ ሞተሮቹ ያገሱ ነበር። በዚያችው ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ ስንቱ ሬሳ እየቀበረ፣ ስንቱ ቁስሉን እያሰረ ጫካ እየገባ እንደ ነበር አያቶቻችን ያውቁታል።

በዚያን ቀን ያሸነፈው ኢጣሊያዊው ቫርዚ ነው፤ የነዳው ግን የጀርመኑን አውቶ ዩኒየን ነበር። ይመራ የነበረው የቡድን ጓደኛው ጀርመናዊው ሀንስ ሽቱክ ነበር። በኋላ በወጡ የትዝታ መጻሕፍት እንደ ተተረከው፣ በዚህ የድል ቀን አሸናፊው ኢጣሊያዊ መሆን አለበት ስለ ተባለ ሽቱክ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ምልክት ታየው። ማታ በግብዣው ላይም ባልቦ ብርጭቆውን አንሥቶ የቀኑ እውነተኛ አሸናፊ ለሽቱክ ነው ብሎ እንደ ጠጣ ይነገራል። እንዲህ ከሆነ ውድድሩ ራሱ በዚያ ቀን እውነተኛ አልነበረም። ለአዋጁ ማድመቂያ የሚሆን ድል አስፈልጎ ነበር፤ ድሉም ተገኘ።

በተመልካቹ ሰገነት ላይ ያልታዩ ሌሎች ሊቢያውያንም ነበሩ። በዚያው ሚያዝያ ወር፣ በግራዚያኒ አዛዥነት በኦጋዴን ግንባር ከዘመተው ጦር ውስጥ በጄኔራል ናሲ የሚመራ የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበረበት። አገራቸው ገና ትናንት የተወረረባቸው ሰዎች ዛሬ የሌላውን አገር እንዲወሩ ተላኩ። ከዚያ አስቀድሞም ኢጣሊያ ሊቢያን ስትወጋ ኤርትራውያን አስካሪዎችን በመርከብ እየጫነች ወስዳለች። ቅኝ ገዥ እንደዚህ ነው፤ የአንዱን ተገዥ ክንድ በሌላው ተገዥ አንገት ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ሊቢያዊም ሆነ ኤርትራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ ዛሬ ሲገናኝ በዚያ ዘመን ቂም ሊተያይ አይገባውም። ሁሉም የአንድ ጌታ ባሩድ ተሸካሚ ሆኖ ነበርና።

በዓመቱ ውድድሩ የዋለው እሑድ ሜይ 9 ቀን 1937፣ ማለት ግንቦት 1 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ይህም የ«ንጉሠ ነገሥት መንግሥቱ» አዋጅ አንደኛ ዓመት ነበር። ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ውድድሩ በዋለ በ12ኛው ቀን ደግሞ፣ ግንቦት 13 ቀን፣ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለአለቆቹ በላከው ቴሌግራም በዚያን ቀን የተገደሉትን መነኮሳት 297 ብሎ ቆጥሯል፤ በኋላ የተደረገው ምርምር ግን የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ያስረዳል። ሕዝብን ለመቅጣት ሃይማኖት አባቱን መምታት፣ አርበኛን ለመያዝ መንደርን ማቃጠል፣ መርዝን ከሰማይ ማዝነብ፤ ይህ ሁሉ በሊቢያ ተሞክሮ ወደ እኛ የመጣ ትምህርት ነው።

7. የመጨረሻዎቹ ዙሮች

ጀርመኖች ከ1935 ጀምሮ በየዓመቱ በትሪፖሊ ማሸነፋቸው ኢጣሊያኖችን አሳፈራቸው። ስለዚህ የ1939 ውድድር ሞተራቸው ከ1500 ሲሲ ለማይበልጥ ትናንሽ መኪናዎች ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ጀርመኖች እንዲህ ያለ መኪና አልነበራቸውም። መርሴዲስ ግን በጥቂት ወራት ጊዜ ሁለት አዳዲስ መኪናዎችን በድብቅ ሠርቶ መጣ፤ ላንግና ካራቺዮላም አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ለሌላው የቆፈሩት ጉድጓድ ራሳቸውን ዋጠ ማለት ይህ ነው።

የመጨረሻው ውድድር የተደረገው በሜይ 12 ቀን 1940 ነው። ጁሴፔ ፋሪና በአልፋ ሮሜዮ አሸነፈ። በወሩ፣ በጁን 10 ቀን፣ ኢጣሊያ ጦርነት ውስጥ ገባች። በጁን 28 ቀን ባልቦ ራሱ የተሳፈረበት አውሮፕላን ቶብሩክ ላይ በገዛ ወታደሮቹ መድፍ ተመትቶ ወደቀና ሞተ። በጃንዩዌሪ 23 ቀን 1943 የእንግሊዝ ጦር ትሪፖሊ ገባ። የእሽቅድምድሙም ነገር በዚህ አበቃ። ጎዳናው የአገልግሎት ዘመኑ ስምንት ውድድር ብቻ ሆነ፤ ከ1933 እስከ 1940።

8. ጎዳናው ከተረሳ በኋላ

ከሐይቁ አጠገብ ኢጣሊያኖች በ1923 የከፈቱት የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ይህን ማረፊያ የአሜሪካ ጦር ያዘውና በ1945 ዊለስ ብሎ ሰየመው። ሊቢያ በዲሴምበር 24 ቀን 1951 ነጻ ስትወጣም አሜሪካኖቹ በውል ቆዩ፤ ሰፈሩም አሜሪካ ከአገሯ ውጭ ከነበሯት ትልልቅ የአየር ኃይል ሰፈሮች አንዱ ሆነ። መኪና የተሽከረከረበት መሬት በአውሮፕላን ማረፊያውና በከተማው መስፋፋት ውስጥ ገባ። በ1969 ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በጁን 1970 አሜሪካኖቹ ለቀው ወጡ። ማረፊያው በኋላ ሚቲጋ የሚል ስም ወጣለትና በ1995 ለመንገደኞች ተከፈተ። በ2014 በተደረገው ጦርነት የትሪፖሊ ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ወደመ ሚቲጋ የከተማዋ ዋና በር ሆነ።

ከሊቢያ ወደየአገራቸው የሚመለሱ ስደተኞችን የያዙ አውሮፕላኖች ከዚያው ከሚቲጋ ሲነሡ ቆይተዋል። ከእነሱ መካከል ከእኛው ቀጣና በሱዳን በረሃ አቋርጠው የሄዱ፣ በደላላ እጅ የተገረፉ፣ ባሕሩን ሞክረው የተመለሱ ልጆች አሉባቸው። አውሮፕላኑን ሲጠብቁ የቆሙበት መሬት ዱሮ የባልቦ እንግዶች ወይን እየጠጡ እሽቅድምድም ያዩበት አካባቢ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው የለም። ኢጣሊያም በ2008 ከሊቢያ ጋር በተፈራረመችው የወዳጅነት ውል ለቅኝ ግዛቱ ዘመን በደል 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ቃል ስትገባ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ስደተኛ ባሕር እንዳይሻገር የሚከለከልበትን ትብብርም አስገብታለች። የትናንቱ ካሣና የዛሬው አጥር በአንድ ፊርማ ታሰሩ።

9. ምን እንማራለን?

የዚህን ጎዳና ታሪክ በአውሮፓ ቋንቋ የሚጽፉ መጻሕፍት አሉ። የእያንዳንዱን መኪና ሞተር፣ የእያንዳንዱን ዙር ሰከንድ፣ ነጂው ከማን ጋር እራት እንደ በላ ሳይቀር መዝግበዋል። ቫርዚ ኑቮላሪን የቀደመበትን የሰከንድ ቁራጭ በአስርዮሽ ቁጥር እናውቃለን። በቂሬናይካ የእስር ሰፈሮች ያለቁትን ሰዎች ቁጥር ግን የምናውቀው በግምት ነው፤ አንዱ 40 ሺህ ይላል፣ ሌላው ከዚያ በላይ። ስማቸውን የጻፈ መዝገብ የለም። በአንድ አገር፣ በአንድ አስተዳደር፣ በአንድ ዓመት፣ የሰከንድ ክፋይ ተቆጥሮ የሰው ነፍስ ሳይቆጠር ቀረ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ ታሪክ የሚማር ሰው አንድ ያማረ ሥራ ሲያይ፣ ሰፊ ጎዳናም ይሁን ነጭ ፎቅ ወይም ትልቅ በዓል፣ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው። ገንዘቡን ማን ከፈለ? በሰገነቱ ላይ ማን ተቀመጠ? ፎቶግራፉ ሲነሣ ከፎቶግራፉ ውጭ የቀረው ማነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱን የሚያውቁት ከፎቶግራፉ ውጭ የቀሩት ራሳቸው ናቸውና።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው፤ የተወጋው እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳም። እሱ ሲሞት ግን ያልተጻፈው ነገር አብሮት ይቀበራል፤ ልጁም የሚያውቀው ወጊው የጻፈውን ብቻ ይሆናል። በዚህ ሰፈር ውስጥ በየድንኳኑና በየጎጆው ሽማግሌዎች አሉን፤ ማን ከየት መንደር እንደ መጣ፣ ማን በመንገድ እንደ ቀረ፣ የት እንደ ተቀበረ የሚያውቁ ናቸው። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ ወጣቶች ማታ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ስምና ቦታ፣ ዓመትና ወር እየጠየቃችሁ ጻፉ። የመኪናን ዙር በሰከንድ ለመቁጠር ይህን ያህል ከተደከመ፣ የእናት አባቶቻችንን ስም ለመቁጠር አንድ ደብተር አይበዛም።